የውብዳር መዳፍ

ጠጡልኝ ተሼ። እህትህ እትዬ ዘውዲቱ ከእጄ ጠጡልኝ። አንድ ዋንጫ ሙሉ ብርዝ፣ በአዳራሹ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቆመው ጠጡልኝ። ጠጥተውም ዝም አላሉም፤ ምን እንዳሉ ግን ኋላ እነግርሃለሁ፤ አሁን ካልኩት ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ሰላምታዬን ዘነጋሁት አይደል? አንተ ስንት ተማሪ ‹ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል› እያልክ በቀይ እስክሪብቶ ስታርም ኖረህ፣ የገዛ ሚስትህ ከመካከል ጀመረችልህ። እሺ፣ አሁን ልበልህ። ለባለቤቴ ለመምህር ተሾመ፣ ለኔው ተሼ፤ ካለህበት አፈሩ አልከበደህም ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሆነህ። ቀኑን የምቆጥረው ሆን ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ይቆጠርብኛል።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ይታዘበኛል። የተከልከው የኒም ዛፍ ከጣሪያው በልጦ ቅጠሉ አሸንዳውን እየደፈነ ያስቸግረኛል፤ ቁረጪው ይሉኛል፣ አልቆርጠውም። የቆርቆሮው በር ዝጎ ተቀይሯል። ፌርማታችን ግን ስሙ አልተቀየረም። ባጃጆቹ ዛሬም ደጃችን ሲደርሱ ‹የውብዳር ጋ ወራጅ አለ?› ይላሉ። ከነዚህ ልጆች አንዳቸውም ቴአትርህ ሲታይ አልተወለዱም። አንዱን አንድ ቀን፣ የውብዳር ማን ናት ልጄ፣ ብዬ ጠየቅሁት። ‹የድሮ ሴትዮ ናት መሰለኝ እማማ፣ ሰው ትመርዝ ነበር አሉ› ብሎኝ ባጃጁን አዙሮ ሄደ። የውብዳርን እደጇ አውርዶ መሄዱን አላወቀም።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ከመጀመሪያው ልንገር፤ አንተ የምታውቀውን ስትሰማ ታገሰኝ። ኋላ የምነግርህ መምህርት ሐዊ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ልትለጥፈው ጠይቃኛለች። እትዬ ዘውዲቱንም አስፈቅጃለሁ። ‹ይለጠፍ፣ የኔንም ክፋት ጻፊው› ብለውኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

የድሮው ጦር በተበተነ በአምስተኛው ዓመት ላይ ነው። አባቴ ወታደር ስለነበር ጦሩ ሲበተን እኛ መሄጃ አጥተን ካምፑ አጠገብ ቀረን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሥራ ይዤ ነበር። አንተ አማርኛ ልታስተምር ነገሌ መጣህ። ሻንጣህ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ደብተር ይበዛ ነበር። ከደብተሮቹ በአንዱ በግጥም የጻፍከው ተውኔት ነበረ። ተዋናይ ስትፈልግ ሌሎቹ ሴቶች ደጓን እናት፣ ሙሽራዋን፣ አልቃሿን ተሻሙ። የውብዳርን ግን ማንም አልነካትም። እኔ ዘግይቼ ደረስኩና የቀረችው እሷ ነበረች።

የውብዳር ታሪክ ቀላል ነው። አንድ ባላባት አለ። የመጀመሪያ ሚስቱ ወንድ ልጅ ትታለት ሞታለች። ሁለተኛዋ የውብዳር ናት፣ እሷም ወንድ ልጅ አላት። ርስቱ ሁሉ ለበኩሩ ነው። የውብዳር ልጇ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብላ የእንጀራ ልጇን በጠጅ ልትመርዘው ትነሳለች። ያላሰበችው ነገር የሁለቱ ልጆች መዋደድ ነው። ታላቁ ግማሹን ጠጥቶ ዋንጫውን ለታናሹ ያቀብለዋል። እናቲቱ ‹አትጠጣ› ብትል ራሷን አጋለጠች፤ ዝም ብትል ልጇን ገደለች። ዝም ትላለች።

ክፉ ሴት መድረክ ላይ በምን እንደምትታወቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሌላው ሰው ሁሉ ከቀኝ ሲገባ እኔ ከግራ ገባሁ። ሌላው ነጭ ሲለብስ ለኔ ጥቁር ነጠላ አመጣህልኝ። ቅንድቤን በከሰል ገጥመህ አንድ አደረግኸው። እኔ ስገባ ከመጋረጃ ጀርባ ከበሮ አንዴ ድው ይላል፤ ሰው ገና ሳልናገር እንዲጠላኝ። ‹እንደ ክፉ ሴት ሳቂ› ብለኸኝም ነበር። ስስቅ ተዋናዩ ሁሉ አብሮኝ ሳቀ፤ ሳቄ ስቅታ ይመስላል አልክና ሳቁ ተሰረዘ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እስከዚያ የተለማመድነው በባዶ ዋንጫ ነው። የዚያን ቀን ግን አንተ ‹እውነት ይምሰል› ብለህ እውነተኛ ጠጅ አስሞላህበት። ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው ብዬ ሁልጊዜ እከራከርህ ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ በአንድ ሕግ ነው፤ ለሰው መጠጥ ስታቀብዪ መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ቅመሺ። ሳይቀምስ የሚያቀብል ወይ ባለጌ ነው ወይ ጠላት ትለኝ ነበር። ሙሉ ዋንጫ እጄ ሲገባ እጄ እኔን አላማከረኝም። መርዝ ያለበትን ጠጅ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ቀመስ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ለእንጀራ ልጄ አቀበልኩት።

ወተት የምትሸጠው አዴ ሎኮ የወተት ዕቃዋን እንዳቀፈች ከፊት ወንበር ተነሥታ ወጣቱን ‹ሂን ዱጊን› አለችው፤ አትጠጣ ማለቷ ነው። ቀጥሎ ከኋላ ባለሱቁ ጋሽ ሙደሲር ‹ኧረ ሴትዮዋም ጠጣች፣ ቀብሩ ሦስት ሆነ› አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማን? እስከ መጨረሻው ሰው በሞተ ቁጥር ሕዝቡ ይስቃል።

ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ የተቆጣኸኝ ቁጣ አሁንም ይሰማኛል። ‹ብርቄ፣ ክፉ ሰው አይቀምስም› አልከኝ። ገና አልተጋባንም ነበር፤ መምህር ነህና ሰማሁህ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ነገር አሳየኸኝ። ዋንጫውን በቀኜ እንድይዝ፣ ግራ እጄን እንደ ልማዴ ልቀምስ ወደ ፊት እንድዘረጋ፣ ከዚያ መዳፌን አይቼ ቀስ ብዬ ወደ ኋላዬ እንድደብቀው።

የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። ሰው ሁሉ መዳፌን ሲፈልግ ታወቀኝ። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ‹አልቀመሰችም፣ አልቀመሰችም› የሚል ሹክሹክታ መጣ። ተሼ፣ ከሰሉም፣ ጥቁሩ ነጠላም፣ ከበሮውም ያላደረጉትን ያቺ የተደበቀች እጅ አደረገችው። አንተ በደስታ ከመጋረጃው ጀርባ ደብተርህን አቅፈህ ትዘል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንዳንድ በር ግን ሲዘጋብህ ድምፁ የሚሰማው ኋላ ነው።

ከዚያ በጭነት መኪና ተጭነን ክብረ መንግሥት ሄድን። ወርቅ አውጪዎቹ አዳራሹን ሞልተውት፣ እጄን ስደብቅ አንዱ የጫማውን አንድ እግር ወረወረብኝና ትዕይንቱ ሲያልቅ መልሺልኝ ብሎ መጣ። እትዬ ዘውዲቱ መጀመሪያ ያዩኝ እዚያ ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው የጻፈውን ሊያዩ መጥተው። ልታገባኝ እንደሆነ ስትነግራቸው ‹ይቺን? እኔ ትወና አላየሁባትም፣ ፊቷን ነው ያየሁት› ማለታቸውን ከሠርጋችን በኋላ እየሳቅህ ነገርከኝ። በሠርጋችን ቀን ራሱ ዓይናቸው ከግራ እጄ ላይ አልተነሣም ነበር።

ፊልቱ ግን ሌላ ሆነ። በሶማሊኛ አስተርጓሚ ነው የተጫወትነው። መዳፍ ላይ ቀምሶ የማቀበልን ልማድ እዚያ ያየነው ሰው አያውቀውም። እጄን ስደብቅ ማንም አልተንጫጫም። አንድ አዛውንት ብቻ በአስተርጓሚው በኩል ‹ይህች ሴት እጇን ምን ሆነች፣ ታማለች?› ብለው ጠየቁ። ልጄ ሲጠጣ ሴቶቹ ለኔ አለቀሱልኝ፣ ተሼ። ለኔ፣ ለመርዘኛዋ። አንዷ ከትዕይንቱ በኋላ መጥታ ያቺኑ ግራ እጄን ይዛ አሸችልኝ። እዚያ ከተማ መቅረት አምሮኝ ነበር ብዬህ ስትስቅብኝ አስታውሳለሁ። በሦስት ከተማ ሦስት ሴት ሆኜ ነበር፤ መኖሪያዬ ነገሌ ሆነ።

ነገሌ የውብዳር አድርጋ አስቀረችኝ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። መዝገብ ቤት ፋይል ሳቀብል ‹ቀምሰሽዋል?› ይሉኛል፣ እስቃለሁ። ከዚያ ሠርግ ቤት ስሄድ ሽንኩርት መላጥ ይሰጠኛል፣ ዕቃ ማጠብ ይሰጠኛል፤ ማንቆርቆሪያ ይዤ ልነሣ ስል አንዷ ቀልጠፍ ብላ ‹አንቺ አረፍ በይ› ትለኛለች። ሰንበቴው እኛ ቤት ሲደርስ የጠመቅሁትን ጎረቤት ያሳልፈዋል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የሚያስቸግረው እሱ ነው። በክፋት ቢሆን እጣላ ነበር። ብቆጣ ‹የውብዳር ተቆጣች› ይላሉ። ዝም ብል ‹አየሽ፣ የውብዳር ዝም ስትል ነው የምታስፈራው› ይላሉ። ብስቅ ደግሞ ‹ይኸው ሳቋ› ይላሉ። ያን ያልሳቅሁትን ሳቅ ሳይቀር ሰጡኝ። ያስገቡኝ ክፍል በር የለውም ነበር ተሼ፤ ግድግዳው ሰው ነው።

ላንተ ስነግርህ ‹ትወናሽ ሰው ልብ ውስጥ ቢገባ ነው፣ ደስ ይበልሽ› ትለኝ ነበር። አንተ በዚያው ተውኔት ደራሲው ተባልክ፤ እኔ መርዘኛዋ። አላስቀየምከኝም አልልም። ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ ከተማዬ ለአንድ እንግዳ ከእጄ መጠጥ አቀብዬ አላውቅም። ይባስ ብሎ፣ ይህን ላንተም ነግሬህ አላውቅም፣ ግራ እጄ ሰው ፊት ስቆም ራሷን ችላ ወደ ኋላዬ መሄድ ለመደች። ሳላዛት። ፎቶዎቻችንን ተመልከት፤ በአንዱም ግራ እጄ የለችም።

ከዚያ ታመምክ። ኩላሊትህ። መድኃኒቱን በብርጭቆ በጥብጬ ሳመጣልህ ዓይንህን አጥብበህ ‹ቅመሺልኝ የውብዳር› ትለኛለህ። እኔም መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ፤ ምሬቱ ፊቴን ሲያጨማድደው ትስቃለህ። የዓመቱን መድኃኒት አብሬህ ቀመስኩት። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ሰምቶ ተቆጥቶኛል። በዓለም ላይ ያን ስም ካንተ አፍ ስሰማ ብቻ አያመኝም ነበር።

የመጨረሻዋን ቀን እትዬ ዘውዲቱ ራስጌህ ተቀምጠው ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃ ብለህ በከንፈርህ ጠየቅኸኝ። ቅመሺልኝ አላልክም፤ ለቀልድ ጉልበት አልነበረህም። ከንፈርህ ተሰንጥቆ ነበር። ፈልቶ የበረደ ውኃ ቀድቼ፣ ቸኩዬ፣ ቀጥ አድርጌ ሰጠሁህ። ሁለት ጊዜ ጎነጨህ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሄድክብኝ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ለእትዬ ዘውዲቱ ሻይ ይዤ ቀረብኩ። ብርጭቆውን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ጮክ አላሉም። ‹ያን ቀን አልቀመስሽም› አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ የሰሙት ሁለት ሦስት ሰዎች ቢሆኑ ነው፤ በቂ ነበሩ። በማግስቱ ወደ ክብረ መንግሥት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወሉም፣ እግራቸውም ደጃችንን አልረገጠም።

ውኃ ነበር ተሼ። አንተ ታውቃለህ፤ ግን አንተን ምስክር መጥራት አልችልም። ማታ ማታ ራሴን ‹ለምን አልቀመስሽም?› እላታለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ የለበስኩት ጥቁር ነጠላ በዚያች ቀን ቆዳዬ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሠርግም ተውኩ፣ ሰንበቴም ተውኩ። ቢሮና ቤት፣ ቤትና ቢሮ። ቢሮም ደርሼ ግራ እጄን ከፋይል ሥር አስቀምጣታለሁ።

አሁን ወደ ሐዊ ልምጣ። መምህርት ሐዊ የጉጂ ልጅ ናት፣ አንተ ታስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት የቴአትር ክበቡን ይዛለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄ የማያልቅባት። ዘንድሮ በሩን አንኳኩታ ‹አካም፣ እትዬ ብርቄ፤ የጋሽ ተሾመን ተውኔት ልናሳይ ነው፣ ደብተሩን ይስጡኝ› አለችኝ። የለም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ያንተን ጽሑፍ የለም ማለት አንተንም የለህም ማለት መሰለኝ። ሰጠኋት።

ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። ዋንጫው የሚቀርብበትን ገጽ ከፍታ ‹ይህን እርስዎ ያውቁታል?› አለችኝ። በኅዳጉ ላይ በወጣትነትህ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ‹ክፉ ሰው አይቀምስም› ይላል። ያንን አውቃለሁ። ከሥሩ ግን በሌላ ብዕር፣ መስመሩን የሳተ፣ የሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት አለ። ‹ማን አለ? ትቅመስ።›

ያ እጅ የሕመምህ እጅ ነው። ብዕሩን ያቀበልኩህ ራሴ ነኝ፤ ትራስህ ሥር ደብተር እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ለእትዬ ዘውዲቱ ደብዳቤ የምትጽፍ መስሎኝ ወጥቼ ተውኩህ። መድኃኒትህን ስቀምስ ስትስቅ ይህን ነበር የምታስበው? ለምን አልነገርከኝም? ተቆጣሁህ። ደብተሩ ላይ ራሴን ደፍቼ ስቆጣህ፣ ስቆጣህ፣ ሐዊ ቁጣዬ እስኪወጣልኝ ኒሙ ሥር ወጥታ ቆመች።

ተመልሳ ስትገባ እንዲህ አለችኝ። ‹የውብዳር ካልቀመሰች ክፉ ናት፣ አለቀ፣ ሰው ጠልቷት ወደ ቤቱ ይገባል። ከቀመሰች ግን ምን ሊላት ነው?› እኔ ሴትዮዋን ሃያ ምናምን ዓመት ለብሻት ኖሬ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሳትቀምስ ብታቀብል ይነቃባታል። ከቀመሰች ትሞታለች። ልጇን ባለርስት ለማድረግ መጀመሪያ የራሷን ሞት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መጠጣት አለባት። ያን ሁሉ ከፍላ ደግሞ ልጇ ዋንጫውን ሲቀበል ታያለች። ክፋቷ አልቀረም፤ ሰው ልትገድል ነው የተነሣችው። ግን መውጫ የሌላት ሴት ናት፤ እሱን እኔ አውቀዋለሁ።

የውብዳር የሆነችው የጋሽ ሙደሲር የመጨረሻ ልጅ ሰዓዳ ናት፤ ያ ‹ቀብሩ ሦስት ሆነ› ያሉት ሙደሲር። ድምፅ አላት፣ መዳፍ ግን የላትም። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ እየጠጣ ያደገ እጅ ነው። መጀመሪያ ስትሞክር ክንዷ ላይ አፍስሳ እጅጌዋን ጠጣች። ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እኛ ግቢ እየመጣች አስተማርኳት። መዳፍሽን እንደ ወፍ ጎጆ አድርጊው፣ ጣቶችሽን አትክፈቺ፣ አፍሽን ወደ መዳፍሽ አታምጪ መዳፍሽን ወደ አፍሽ አምጪ፣ ስትቀምሺ ዓይንሽ የምታቀብዪው ሰው ላይ ይሁን። ይህን ሁሉ ሳሳያት የትኛውን እጄን እንደዘረጋሁ ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ሐዊ ከሰሉን አስወገደችው፣ ከበሮውንም። ሰዓዳ እንደ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሳ ከሰው ጋር በቀኝ ገባች። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ ሰው እንዴት ያውቃታል አልኳት። ‹አያውቃትማ። ጎረቤቱ ትመስለዋለች› አለችኝ።

የትዕይንቱ ቀን ሐዊ ለደራሲው እህት ብላ እትዬ ዘውዲቱን ጠርታቸው ነበር። በሚኒባስ መጡ። ቤት አልመጡም፤ በቀጥታ አዳራሽ ገብተው ከፊት ወንበር ከአዴ ሎኮ ጎን ተቀመጡ። አዴ ሎኮ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ካስፈለገ ለመውጣት።

ሰዓዳ ዋንጫውን ያዘች። መዳፏን ዘረጋች። አዳራሹ ሲጠብቅ ተሰማኝ፤ የድሮዎቹ ሊደበቅ ነው ብለው። አልደበቀችውም። ጠብ አደረገች፣ የእንጀራ ልጇን እያየች ቀመሰች። አንድም ሰው አልሳቀም። አዴ ሎኮ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሥታ፣ ቀስ ብላ ‹ዱግዴ› አለች። ጠጣች ማለቷ ነው። ከዚያ ተቀመጠች። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲወድቁ ሰዓዳ ከልጇ አጠገብ ተንበርክካ፣ እዚያው ጋደም አለች። ቀብሩ እውነትም ሦስት ሆነ። ጋሽ ሙደሲር በፎጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

እኔ ለተዋናዮቹ ብርዝ በጥብጬ ነበር፤ ሁሉም እንዲጠጣው ያልፈላ፣ የዚሁ የጉጂ ማር። ሰው ሲወጣ ማንቆርቆሪያውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እንደ ወትሮው አንዷ እስክትቀበለኝ። ሁሉም የሰዓዳን እጅ ሊጨብጥ ይጋፋል፣ ማንም አልተቀበለኝም። እትዬ ዘውዲቱ ወጡ። የመንገዱ አቧራ ሽፋሽፍታቸው ላይ ነበር።

‹የሚጠጣ ነገር የለም?› አሉ፤ ለኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም።

‹ብርዝ አለ እትዬ› አልኳቸው።

ዝቅ ብለው አዩኝ። ግራ እጄ ከኋላዬ ነበረች።

‹ያቺ እጅሽ ምን ሆነች?› አሉኝ።

የፊልቱ አዛውንት የጠየቁትን ጥያቄ ከእህትህ አፍ ሰማሁት ተሼ። እጄን አወጣኋት። ዋንጫ ሞላሁ፣ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ቀመስኩ፣ አቀበልኳቸው። ዋንጫውን ይዘው ቆዩ። ጠጡት። እስከ መጨረሻው።

‹ማሩ በዛ› አሉ። ከዚያ ዋንጫውን መልሰው ወደኔ ዘረጉልኝና ‹ጨምሪልኝ› አሉ።

ይኸው ነው፣ ኋላ እነግርሃለሁ ያልኩህ። ጨምሪልኝ አሉኝ።

ሁለተኛውን እየጠጡ ‹ያን ቀን ውኃ ነበር› አሉ፣ ጥያቄ አልነበረም። ውኃ ነበር አልኳቸው። ‹ጠምቶት ነበር› አሉ። አዎ እትዬ፣ ጠምቶት ነበር። አብረን ወደ ቤት ስንመጣ የባጃጁ ልጅ ደጃችን ሲደርስ ‹የውብዳር ጋ› አለ። እትዬ ዘውዲቱ ከኋላ ትከሻውን መታ አድርገው ‹የብርቄ ጋ በል› አሉት። ‹እሺ እማማ፣ የብርቄ ጋ› አለ። እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም፤ የባጃጅ ልጅ ነው፣ ነገ ይረሳል። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

አንተን አልረሳህም ብዬ መማል ሞኝነት ነው፤ በቀመስኩ ቁጥር አለህ። ደብተርህ ከሐዊ ጋር ነው። የሚንቀጠቀጠውን ጽሕፈት ግን በወረቀት ገልብጬ ከፎቶህ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ‹ትቅመስ› የሚለውን።

አሁን የቀረው የብርዝ ጥሪዬ ነው። ሰሌዳው ላይ የምታነቡት ሁሉ ስሙኝ። ሽንኩርት ያስላጣችሁኝ፣ ‹አረፍ በይ› ያላችሁኝ፣ ቀምሰሽዋል ያላችሁኝ፣ ጫማ የወረወርከው ሰውዬ በሕይወት ካለህ አንተም። ጋሽ ሙደሲር ከነቤተሰባቸው፣ አዴ ሎኮ ከነምርኩዟ፤ እትዬ ዘውዲቱ ከክብረ መንግሥት ማር ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ መዳፌ ላይ ናት፣ ሁለተኛዋ ኒሙ ሥር ላንተ ናት ተሼ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሁላችሁም ነው።

እኛ ቤት ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ‹የብርቄ ጋ› በሉ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ማንም እንዳይቀር። የምቀዳው እኔ ነኝ።